ለሦስት ወር ወጪያችንን ጻፍኩ፤ ገንዘቡ የሚያልቀው ሥጋ ላይ አይደለም

የጉለሌዋ
የካቲት 2 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 3፡10

እንደምን አመሻችሁ። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም የመንግሥት ሠራተኞች ነን፤ ሁለት ልጆች አሉን፤ የምንኖረው በኪራይ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ጀምሮ፣ ደመወዛችን ወር መድረስ አቃተው። ባለቤቴ «ሥጋ እንቀንስ» አለ። እኔ ደግሞ «አንተ ማኪያቶህን ቀንስ» አልኩት። ተኮራርፈን ሰነበትን።

ከኅዳር ጀምሮ የገዛነውን ሁሉ፣ ክብሪት ሳይቀር፣ በልጄ ያለቀ ደብተር ጀርባ ላይ ጻፍኩ። ሦስት ወር ሞላኝና ትናንት ደመርኩት። የገና በዓል በመሀል ገብቶ እንኳ ሥጋ ከታች ነው የተገኘው። ማኪያቶውም ያን ያህል አልነበረም፤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ከላይ የተቀመጡት በቁጥር ከጉልት የምገዛው እንጀራና ዘይት ናቸው። ይህን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅኩት ሦስተኛውን ነው፦ ሳሙና። የዱቄት ሳሙና፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ በረኪና፣ ሶፍት፣ የትንሿ ልጄ ዳይፐር፣ ሁሉም በየቀኑ ከሱቅ «አንድ ስጠኝ» እየተባለ የተገዛ። አንዷ ትንሽ ከረጢት ምንም አትመስልም። በወር ስትደመር ግን ትልቁን ፓኬት ገዝታ መልስ ይተርፋታል።

ብር ሆን ብዬ አልጻፍኩላችሁም። ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ በሳምንቱ ያረጃል። በመጠን እንነጋገር።

ዘይቱን ጀምሬዋለሁ። ከጄሪካኑ በቀጥታ ድስት ላይ መገልበጥ ተውኩ፤ በቡና ስኒ እለካለሁ። ሽንኩርቱን እናቴ ለዶሮ ወጥ እንደምታደርገው ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረግኩ አቁላላዋለሁ፤ ዘይት የሚገባው በርበሬው ሲገባ ነው። በወር 5 ሊትር የነበረው 3 ሊትር ከትንሽ ሆኗል። ከልጆቹ ማንም ልብ አላለም።

አሁን የምጠይቃችሁ፦ እንጀራ ቤት መጋገር፣ ሽሮና በርበሬ ማስፈጨት፣ ፈሳሽ ሳሙና መሥራት፣ ከእነዚህ የትኛው በእውነት ያዋጣል? ጾሙ የካቲት 17 ስለሚገባ ከዚያ በፊት ብጀምር ደስ ይለኛል።

ቶና ላይ ነኝ
የካቲት 2፣ ከምሽቱ 3፡41

የሶፍትን ገበና አወጣሽው። የእኛ ቤት ሴት ልጅ አፍንጫዋን ለመናፈጥ አንድ ሜትር ትጠቀልላለች። አባቷ ደግሞ የፈሰሰ ሻይ በሶፍት ያደርቃል። አሮጌ ቲሸርት ቆራርጬ ወጥ ቤት ሰቀልኩ፤ «ይሄ ድህነት ነው» ተባልኩ። አሁን ሁሉም በእሱ ነው የሚጠርገው። የሽንኩርት መረብ ከረጢትም አትጣዪ፤ አጣጥፈሽ ከሰፋሽው ብረት ድስት የሚፈትግ ነገር ይወጣዋል።

ባለሰርገኛ
የካቲት 3፣ ከጠዋቱ 2፡15

ቢሾፍቱ ነኝ፤ ያደግኩት እህል በረንዳ ላይ ነው። ስለ ጤፍ ልናገር።

ማኛ ስትገዢ ትርፉን የምትከፍይው ለንጣቱ ነው። ሰርገኛ ግዢ። ጣዕሙ አይከዳሽም፤ ርካሽ ነው፤ ለእንግዳ የሚታፈርበትም አይደለም። አንድ ኩንታል ብቻሽን ካልቻልሽ ለሦስት ጎረቤት ተካፈሉት። ጤፍን ነቀዝ አይበላውም፤ ፍሬው ለነቀዝ ትንሽ ነው። ደረቅ ቦታ፣ ከወለል ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ዓመት ይቆይልሻል። ለዚህ ነው በጅምላ መግዛት ከሁሉ በፊት ለጤፍ የሚሆነው። ሽምብራና ባቄላ ግን እንደዚያ አታድርጊ፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ዱቄት ሆኖ ታገኚዋለሽ።

መቀላቀል ካሰብሽ ሦስት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ነጭ ማሽላ። ሩዝ ብዙ ሰው ይጨምራል፤ የዛሬው እንጀራ ያማረ ይሆናል፣ ነገ ጠርዙ ይሰነጠቃል። በቀን በቀን ለሚሸጥ ሰው ነው የሚሆነው፤ መሶብ ውስጥ አራት ቀን ለምታቆዪ ለአንቺ አይሆንም።

ሂሳብ ይታሰብ
የካቲት 3፣ ከቀኑ 7፡02

እህቴ ደብተርሽን ወድጄዋለሁ፤ ግን አንድ ዓምድ ጎድሎታል። የአንቺን ሰዓት የት ጻፍሽው?

እኔም እንዳንቺ ጀምሬ ነበር። ቅዳሜ ሽሮ ለቀማ፣ እሁድ ምጣድ፣ ማታ ሳሙና ማማሰል። ገንዘብ ተርፏል፤ አልዋሽም። እኔ ግን ሰኞ ቢሮ ወንበር ላይ ነበር የምተኛው። «ቤት ውስጥ ሲሠራ ነፃ ነው» የሚባለው የሴት ጉልበት ስለማይቆጠር ነው።

መብራቱንም ቁጠሪው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። አንድ ሰዓት ተኩል ከጋገርሽ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው፤ ደግሞም አጠቃቀምሽ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይወደዳል። አትጋግሪ አላልኩም። ብትጋግሪ ግን በትንሽ በትንሹ በየሁለት ቀኑ አይሁን፤ ምጣዱ እስኪግል የሚበላው ለአምስት እንጀራም ለሃያም ያው ነው።

የጉለሌዋ
የካቲት 3፣ ከምሽቱ 2፡30

@ሂሳብ ይታሰብ፣ እውነትሽን ነው። ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «እኔ ልጋግር?» አለ። ምጣድ ነክቶ አያውቅም። እሺ ብዬዋለሁ፤ የሚሆነውን እነግራችኋለሁ።

እመት ሌማት
የካቲት 4፣ ከጠዋቱ 4፡20

ልጆቼ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። ሽሮን ለጠየቅሽው፣ አዎ ያዋጣል። ግን የሚያዋጣው በብር ብቻ አይደለም።

ተፈጭቶ የሚሸጥ ሽሮ ውስጥ ምን እንዳለ አታውቂም። ጓያ ርካሽ ስለሆነ ይደባልቁበታል። ከተፈጨ በኋላ ደግሞ ዓይን አይለየውም። በርበሬም እንደዚሁ፤ የሸክላ ድቃቂ ተቀላቀለበት ሲባል በዜና ሰምተናል። እህሉን በፍሬው የገዛች ሴት ግን የምታስፈጨውን ታውቀዋለች።

ለ10 ኪሎ እህል እኔ የማደርገው ይህ ነው። 5 ኪሎ አተር፣ 4 ኪሎ ሽምብራ፣ 1 ኪሎ ባቄላ። ባቄላ ሲበዛ ሽሮው ይከብዳል። ለቅመሽ ታጥቢዋለሽ፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ከተሽ አንድ ሁለቴ ገንፈል ሲል ታወጪዋለሽ። እንዳይበስል! ንፍሮ ካደረግሽው አበቃ። ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ ይታመሳል፤ ሽታው ቤቱን ሲሞላው ይወርዳል። ከዚያ ይከካል፤ ገለባው በሰፌድ ይነፋል። በርበሬ ከ1 ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ተኩል፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ተወቅጠው በደንብ የደረቁ፤ ኮረሪማ፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙድ፣ በሶብላ፣ ጦስኝ፤ ጨው። ርጥብ ነገር ይዘሽ ወፍጮ ቤት አትሂጂ፤ ሽሮው በወሩ ይሻግታል።

ገለባውን አትድፊው፤ ዶሮ ያለው ጎረቤት ይወስደዋል፤ እንቁላል ይዞ ይመጣል።

በርበሬውን አሁን፣ በበጋው ፀሐይ አድርጊ። ዛላውን ስትቀነጥሺ ከፍተሽ እዪው፤ ውስጡ ግራጫ ሻጋታ ያለበትን «ይታጠባል» ብለሽ አትቀላቅዪ፤ ጣዪው። ለእሱ አትሳሺ።

ስለ ጉልበቱ የተናገረችው ልጅ ትክክል ናት። እኛ ግን ብቻችንን አልሠራነውም። አምስት ሴት ተጠራርተን አንድ ቀን የአንዷን፣ በሌላ ቀን የሌላዋን፣ ቡና እየተጠጣ። አሁን ኮንዶሚኒየም ገብታችሁ በር ዘግታችሁ ለየብቻ ስትቀነጥሱ ነው የሚያደክማችሁ።

ንጹሕ ቤት
የካቲት 4፣ ከምሽቱ 1፡55

እኔ ሽንት ቤትና መታጠቢያ የማጸዳው በረኪናና አቼቶ አንድ ላይ ደባልቄ ነው። ሁለቱም ርካሽ፤ ቢጫውን ጠርጎ ነው የሚያወጣው። ሌላ መድኃኒት አልገዛም።

ላብራቶሪ ቁጥር 3
የካቲት 4፣ ከምሽቱ 2፡04

@ንጹሕ ቤት፣ እባክዎ ዛሬውኑ ያቁሙ። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አቼቶም ሎሚም አሲድ ናቸው። መስኮት በሌለው ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ ነገር ነው። በረኪና ከውሃ በቀር ከምንም ጋር አይደባለቅም፤ ሽንት በቆመበት ቦታ ላይም በመጀመሪያ ውሃ ይለቀቅበት። አቼቶን ለብቻው፣ በሌላ ቀን። ለውሃ ማፍያው ነጭ ቅርፊት ከአቼቶ የተሻለ የለም፤ እኩል ውሃ ጨምረው ያፍሉት፣ ያሳድሩት፣ ይድፉት።

ንጹሕ ቤት
የካቲት 4፣ ከምሽቱ 2፡20

ለካ ለዚህ ነው የሚያስለኝ። ጉንፋን መስሎኝ ነበር።

ላብራቶሪ ቁጥር 3
የካቲት 4፣ ከምሽቱ 2፡48

ሳልዎት ካልተወ ሐኪም ይይዎት፤ ለሐኪሙም ምን ይደባልቁ እንደነበር ይንገሩ።

ስለ ፈሳሽ ሳሙናው። መርካቶ ኬሚካል የሚሸጡ ሱቆች ሁለት መንገድ ይነግሯችኋል። አንደኛው በላብሳና በኮስቲክ ሶዳ ነው። እሱን ተዉት። ላብሳ ጠንካራ አሲድ ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ ዓይን ያጠፋል፤ መጠኑ ካልተመጣጠነ የእጅ ቆዳ ይልጣል። ሕፃን ያለበት ቤት ማእድ ቤት የዚህ ቦታ አይደለም። ሁለተኛው ቴክሳፖን የሚባለው እንደ ማር የወፈረ ነው። እሱ ኮስቲክ አይፈልግም።

1 ኪሎ ቴክሳፖን፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ 7 ሊትር ውሃ። መጀመሪያ ቴክሳፖኑን ከትንሽ ውሃ ጋር በቀስታ ማሸት፤ ከቸኮላችሁ ባልዲው ሙሉ አረፋ ይሆናል። ከዚያ ውሃውን በትንሽ በትንሹ። መጨረሻ ላይ የገበታ ጨው ለብቻው በውሃ ሟሙቶ፣ በማንኪያ በማንኪያ። የሚያወፍረው ጨው ነው። ግን ልክ አለው፤ ካለፈ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ጨው ብትጨምሩ እየባሰበት ይሄዳል። እኔ 150 ግራም ላይ ቆሜ አየዋለሁ። እንዳይበላሽ የሚያደርግ ነገር ስለሌለው ለሁለት ወር የሚበቃችሁን ብቻ ሥሩ። የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ አታስቀምጡ፤ ልጅ ይጠጣዋል።

ጓያን እመት ስላነሱት፦ አልፎ አልፎ በልቶ የተሰበረ የለም፤ አደጋው ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል እንጂ አይጨርሰውም።

ቶና ላይ ነኝ
የካቲት 5፣ ከጠዋቱ 3፡30

ለነጠላና ለጥበብ ግን እንዶድ ምን ሆነና ተረሳ? አክስቴ ደብረ ብርሃን ሆና እስከ ዛሬ ጋቢዋን በእንዶድ ነው የምታጥበው። የደረቀውን ፍሬ ወቅጣ ለብ ባለ ውሃ ትዘፈዝፈዋለች፤ አረፋው ከዱቄት ሳሙና አይተናነስም፤ የጥለቱ ቀለምም አይለቅም። ለጠላ ጋኑ ደግሞ ግራዋ።

ላብራቶሪ ቁጥር 3
የካቲት 5፣ ከጠዋቱ 4፡10

እንዶድን ካነሳሽ ተማሪዎቼ የሰለቹትን ታሪክ ልድገመው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያው ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። በዚህ ሥራ እሱና ባልደረባው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። እንግዲህ ቀንድ አውጣ የገደለ ዓሣም ይገድላል፤ እጣቢው ወንዝ አይግባ። ሕፃናትም እንዳይቀምሱት። ለልብስ ግን አክስትሽ ልክ ናት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
የካቲት 6፣ ከቀኑ 8፡00

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። ዶላር የሚያገኝ ሰው ይህን አያስበውም ብላችሁ እንዳትስቁ። እዚህ እንጀራ የሚሸጠው በፓኬት ነው፤ አምስት ሆነን በሳምንት ብዙ ፓኬት እንጨርሳለን። አሁን አይዳሆ የሚበቅለውን ጤፍ በትልቅ ከረጢት አዝዤ፣ ግማሹን ከስንዴ ዱቄት ጋር ቀላቅዬ እጋግራለሁ። ክረምት ላይ ሊጥ አልቦካ ሲለኝ መብራቱ ብቻ የበራ ኦቨን ውስጥ አሳድረዋለሁ።

ድርቆሽን ማንም አላነሳም! የተረፈ እንጀራ አንድም ቁራሽ አልጥልም። እናንተ ፀሐይ አላችሁ፤ እኔ በኦቨን ዝቅተኛ ሙቀት ነው የማደርቀው። ጠዋት ለሥራ ስጣደፍ ፍርፍር በአምስት ደቂቃ።

ጅዳ ያለሁ
የካቲት 6፣ ከምሽቱ 4፡35

እኛ በእረፍት ቀናችን የምንገናኝበት አንድ ክፍል አለን፤ ስድስት ሆነን ነው የተከራየነው። ድርቆሽና ሽሮ ከአገር ቤት ይላካል። አንዷ ስትመለስ የሁላችንንም ትይዛለች፤ ሻንጣዋ ግማሹ የእሷ አይደለም። ምስር ለስድስት እንሠራለን። ማንም ብቻዋን ምግብ አትገዛም። ከዚህ የሚተርፈው ነው አገር ቤት የሚላከው። @የጉለሌዋ፣ በርቺ እህቴ።

ሂሳብ ይታሰብ
የካቲት 7፣ ከጠዋቱ 1፡50

@ጅዳ ያለሁ፣ አነበብኩና ዝም አልኩ። ለእኔ ያልታየኝ ይህ ነው፤ ብቻዬን ስለሠራሁት ነው የደከመኝ።

የጉለሌዋ
መጋቢት 14 ቀን 2017፣ ከቀኑ 10፡20

ጠፋሁ አይደል? ስድስት ሳምንት ሞላኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሽሮው ሠመረ። ከግቢያችን አራት ሴቶች ሆነን ነው ያደረግነው፤ የእመትን መጠን ሳንለውጥ። የተሳሳትነው ወፍጮ ቤት ላይ ነው። ከእኛ በፊት በቆሎ ተፈጭቶ ኖሮ የመጀመሪያው ሁለት ኪሎ ሽሮአችን በቆሎ በቆሎ ይላል። እሱን ለራሴ ወስጄ ገንፎ ላይ ጨርሼዋለሁ። ለሚቀጥለው ከሽሮ ወይም ከአተር ተከትላችሁ ግቡ።

ሳሙናው... ላብራቶሪ ቁጥር 3፣ አይቆጡኝ። እንደነገሩኝ 150 ግራም ላይ ቆምኩ፤ ቀጠን አለብኝ፤ «ትንሽ ልጨምርለት» ብዬ እፍኝ ጨው ሰነዘርኩ። ዓይኔ እያየ ውሃ ሆነ። እሱንም አልደፋሁትም፤ የደረጃውን ወለል እያጠብኩበት ነው። ሁለተኛው ዙር ወፍሮ ወጣልኝ። የሳሙና ወጪያችን ከግማሽ በታች ወርዷል። ለዱቄት ሳሙናው ግን ቤት ውስጥ የሠራሁት ነገር የለም፤ ትልቁን ፓኬት ከሸማቾች ማኅበር መግዛት ብቻ በቃው።

ያልሆነልኝ ዳይፐሩ ነው። ቀን በጨርቅ፣ ማታ በዳይፐር ብዬ ጀመርኩ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሦስት ቀን ሲጠፋ የጨርቁ ክምር አስለቀሰኝ። ቀንም ወደ ዳይፐር ተመለስኩ። ይህን ከደብተሩ ላይ አልሰርዘውም፤ ያላዋጣኝ ነው።

በጾሙ ሱፍ ፍትፍትና ተልባ ዘይቱን ወደ 2 ሊትር አውርደውታል። ከፋሲካ በኋላ ስንት እንደሚሆን እናያለን።

እንጀራው ከጉልት ከምገዛው በግልጽ ይረክሳል፤ መብራቱን ደምሬም። በአራት ቀን አንዴ ነው የሚጋገረው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ምጣዱ ከተነቀለ በኋላ በትርፍ ሙቀቱ ይበስላሉ፤ ከዚያ ድርቆሹ ይሰጣበታል። የሚጋግረው ባለቤቴ ነው። ጣዕሙ ደህና ነው። ግን ዓይን የለውም፤ ቂጣ በሉት። ስለዚህ ጉዳይ ራሱ ይጠይቃችሁ፤ ተመዝግቧል።

የጉለሌዋ ባል
መጋቢት 14፣ ከቀኑ 10፡45

ሰላም ለሁላችሁ። እመት፣ ሊጡ ኩፍ ይላል፤ አብሲትም እጨምራለሁ። ምጣዱ ላይ ሲፈስ ግን ጸጥ ይላል፤ አንድም ዓይን አያወጣም። ምን ልሁን?

እመት ሌማት
መጋቢት 14፣ ከምሽቱ 12፡30

እግዜር ይባርክህ ልጄ፤ ባል እንጀራ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነው። አብሲቱን ከሊጡ አሥር እጅ አንዱን ወስደህ፣ በውሃ አቅጥነህ፣ እስኪወፍር አማስለው። ትኩሱን አትመልሰው፤ እጅህን የማያቃጥል ሲሆን ነው የሚገባው። ከዚያ ጠብቅ፤ ሊጡ እንደገና ፊቱን አረፋ ሲሞላው ነው የሚጋገረው። ሊጥህ ከወተት ትንሽ ወፈር ይበል። ምጣዱስ ይግላል? ማሰሻውን በምን ታሽበታለህ?

የጉለሌዋ ባል
መጋቢት 14፣ ከምሽቱ 12፡41

በዘይት። እንዳይጣበቅ ብዬ በየእንጀራው እቀባዋለሁ።

የጉለሌዋ
መጋቢት 14፣ ከምሽቱ 12፡43

በየእንጀራው?! እኔ እዚህ በስኒ እየለካሁ!

እመት ሌማት
መጋቢት 14፣ ከምሽቱ 12፡55

ተገኘ። ዘይቱ ነው ዓይኑን የደፈነው። ጎመን ዘር ግዛ፤ ቁልት አድርገህ ውቀጠው፤ ምጣዱ ሲግል ነስንሰህ በደረቅ ማሰሻ እሸው። ሐሙስ ጋግርና ንገረኝ።